የጉሬዛው ጥቁር የት ሄደ? ፎቶ ኤዲት ማድረግ ለጀመረች እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያገለገለ ካሜራ ከ70-300 ሌንስ ጋር ገዝተሽ እንጦጦ ላይ ወፍ ታነሻለሽ፣ ባለፈው ወር ደግሞ መናገሻ ሱባ ሄደሽ ጉሬዛ አንስተሻል። ስልክሽ ላይ ስታስተካክዪው «ወይ የደበዘዘ ወይ ቀለም የተቀባ ይመስላል፣ የትኛውን ፕሮግራም ልማር?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ የፕሮግራም ስም ደርድረዋል። እኔ ግን ችግርሽ ፕሮግራም አይመስለኝም። እዚህ ቡራዩ ቁጭ ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሳሳት የገባኝን ልንገርሽ።

እኔ የመጣሁት ከሠርግ ፎቶ ነው። የሙሽራ ፊት ማለስለስ፣ ጥርስ ማንጣት፣ ሰማዩን ሰማያዊ ማድረግ እጄ ለምዶታል። ሱባ ሄጄ የመጀመሪያዬን ጉሬዛ ሳነሳም ያንኑ እጄን ይዤ ነው ላፕቶፕ ፊት የተቀመጥኩት። ጉሬዛ ደግሞ ለጀማሪ ፈተና ነው። ሰውነቱ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ከጎንና ጎኑ የሚወርደው ጎፈር ግን ነጭ ጋቢ የደረበ ያስመስለዋል። ጽድ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ከኋላው ሰማይ። ካሜራው የጫካውን ጨለማ አይቶ ብርሃን ጨመረ፤ ጋቢው ኦቨር ሆነ፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ባዶ ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔ ደግሞ ፊቱ ይታይ ብዬ ሻዶውን፣ ጨለማውን ክፍል ብቻ የሚያበራውን ማንሸራተቻ፣ እስከ መጨረሻው ጎተትኩት። ጥቁሩ አመድ መሰለ፣ ውስጡ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈላበት። ነጠብጣቡን ለማጥፋት የኖይዝ ቅነሳውን ስጨምር ፀጉሩ ፕላስቲክ ሆኖ አረፈው። እናቴ አየችና «ይሄ አመዳም ነገር ምንድነው?» አለችኝ። ያደገችው መናገሻ ነው፤ ጉሬዛ ታውቃለች።

የለጠፍሽው ፎቶ ላይም ያየሁት ይህንኑ ነው። ጥቁር ነገር ጥቁር ሆኖ ይቅር። ፀጉሩ ላይ ትንሽ መስመር ከታየሽ በቂ ነው፤ እኔ አሁን ለጉሬዛ ሻዶውን ከ20 ወይም ከ25 አላሳልፍም። ነጩ ግን አንዴ ኦቨር ከሆነ ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም፤ የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ገና ስታነሺ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ከዜሮ በታች 0.7 አውርጂው። ካነሳሽ በኋላ ካሜራው ጀርባ ላይ ሂስቶግራሙን እዪ፣ ከግራ ጨለማውን ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን ግራፍ፤ ክምሩ የቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ነጩ ሄዷል ማለት ነው፣ ድገሚው። ጨለም ያለውን ቤት ገብተሽ ኤዲት ስታደርጊ ታበሪዋለሽ።

ይህ የሚሠራው ግን በሮው፣ ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ካነሳሽ ነው። አንድ ሰው «ሮው ሜሞሪ ይጨርሳል፣ ጄፔግ ይበቃል» ብሎሻል፤ አልስማማም። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው። 14 ቢት ሮው 16,384 አለው፣ 12 ቢት የሆነው አሮጌ ካሜራ እንኳ 4,096። ጨለማውን ስትጎትቺ የምትጎትቺው ከዚያ ክምችት ነው፤ ጄፔግ ላይ ቶሎ ያልቅብሽና ቀለሙ መሰንጠቅ ይጀምራል። ሜሞሪው እውነት ይሞላል፣ ግን እኛ እኮ ከ400 ፎቶ 390ውን ነው የምንጥለው። እዚያው ታክሲ ውስጥ እየተቀመጥሽ ሰርዢ።

አሁን ስለ ቀለም፣ ይኼኛው ያሳፈረኝ ነው። ገፈርሳ ግድብ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ አለልሽ፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የማይገኝ። ሲሄድ አንገቱን ጀርባው ላይ አጋድሞ የሚሄድ፣ ኩሩ ነገር። ቆሞ ሲታይ ግራጫና ቡኒ ነው፤ ሰማያዊው በደንብ የሚታየው ሲበር ነው፣ እሱም አመድማ ሰማያዊ። እኔ ስሙን ሰምቼ ስለነበር ሰማያዊ አደረግሁት፤ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ገፍቼ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለበስኩት። ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፣ ላይኩ ዘነበ። ከዚያ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን የሚመሩ አንድ አባት «ልጄ፣ ይሄን ዝይ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ለብሶ አያውቅም» ብለው ጻፉ። ላይኩን ሁሉ አስረሳኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ፣ ከሁሉም በላይ የረዳኝ እሱ ነው። አንስቼ ስጨርስ ካሜራውን አውርጄ እንስሳውን በባዶ ዓይኔ አንድ ደቂቃ አየዋለሁ፤ ያየሁትን ስልኬ ላይ በድምፅ እቀዳለሁ። «ደረቱ የተቆላ ገብስ ይመስላል፣ እግሩ ጥቁር፣ ብርሃኑ ከቀኝ፣ ጭጋግ አለ» እንደዚህ። ማታ ኤዲት ሳደርግ መጀመሪያ እሱን እሰማለሁ። ፎቶው ከድምፁ ጋር ካልተስማማ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ኋይት ባላንስም፣ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን ማስተካከሉ፣ በዚሁ ይፈታል። ባሕር ዛፍ ሥር ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይመስላል፤ የጉሬዛው ነጭ ኦቨር ካልሆነ ኋይት ባላንስ ላይ ያለውን የጠብታ ምልክት እሱ ላይ ንኪው፣ ይስተካከላል። የማለዳ ወርቃማ ብርሃን ከሆነ ግን አትንኪው፣ ለሱ ስትዪ አይደል በሌሊት የተነሳሽው? ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ እኔ ትቼዋለሁ። አናት ላይ ነው የሚመታው፤ የወፏ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ጀርባዋ ይነጫል። እሱን ለማዳን ሦስት ሰዓት ከመታገል ቡና መጠጣት።

ክሮፕ ላይ ብዙ አልልም፤ 300 ሌንስ ይዘሽ ትንሽ ወፍ ስታነሺ መቁረጥሽ አይቀርም። ብቻ 24 ሜጋፒክስል የነበረውን ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ስትቆርጪው የሚቀርሽ 6 መሆኑን እወቂ። ለስልክ ይበቃል፣ ለግድግዳ ያንሳል። ሻርፕ ስታደርጊም (ጠርዙን ጥርት ስታደርጊ) ዓይኑና ላባው ላይ ብቻ ይሁን፣ ሰማዩ ላይ ከወጣ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ስለ ስክሪን ግን ስሚኝ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ በጨለማ፣ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍቼ አስር ፎቶ ሠራሁ። ላሳትም ወሰድኩት፤ ሁሉም ጭልም ብሎ ወጣ። ከማተሚያ ቤቱ ልጅ ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ለዓይኔ የበራው ስክሪኑ እንጂ ፎቶው አልነበረም። አሁን ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርጌ፣ ክፍሉ ውስጥ አምፖል አብርቼ ነው የምሠራው።

ፕሮግራም ካልሽ፣ ስልክ ላይ ስናፕሲድ ነፃ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ መርጦ የሚያበራው መሣሪያው ጥሩ ነው። ኤችዲአር ስኬፕ የሚባለውን ግን አትንኪ፤ የአንቺን «የተቀባ» ያመጣው እሱ ይመስለኛል። ላፕቶፕ ካገኘሽ ዳርክቴብል ነፃ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። ላይትሩም ይቀላል፣ በየወሩ በዶላር መክፈሉ ነው ጣጣው።

«ቆሻሻ ላጥፋ ወይ?» ላልሽው፣ ገፈርሳ ላይ ከዝዩ ኋላ ባዶ ሃይላንድ ያልወጣበት ፎቶ የለኝም ማለት ይቻላል። ለሳሎን ከሆነ አጥፊው፣ ማንም አይከስሽም። ለውድድር ከሆነ ግን እንዳትሞክሪ፤ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀው ትልቁ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ዕቃ መጨመርም ማጥፋትም ይከለክላል፣ ለመጨረሻው ዙር የደረሰውንም ሮው ፋይሉን አምጣ ይለዋል። እኔ ሃይላንዱን እተወዋለሁ፤ ገፈርሳ እንደዚያ ነው።

የለጠፍሽው ጉሬዛ በግራ በኩል ያለው ነጩ የተረፈ ይመስለኛል፤ ከቴሌግራም የተጨመቀ ስለሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ኦሪጅናሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ በውስጥ ላኪልኝ። መብራት ካልሄደ ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ።