«ፎርማት አድርገው» ሲላችሁ

ልጆች፣

«ፍላሼን ሙሉ ለሙሉ በቬራክሪፕት ቆልፌዋለሁ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት ይለኛል። እሺ ልበለው?» ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ይህች ጥያቄ ናት፤ ቬራክሪፕት ማለት ፋይልንና ዲስክን በይለፍ ቃል የሚመሰጥር ነፃ ሶፍትዌር ነው። መልሱ አጭር ነው፤ እሺ እንዳትሉት፣ «ካንስል» በሉት። ሆኖም ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰችብኝ በአንድ መስመር መልሼ ማለፍ አልሆነልኝም። የምስጠራ ሶፍትዌር ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ከገዛ ፋይሉ ሲያቆራርጥ ማየት የሙያችን የማይሽር ቁስል ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ የተሰበረ ኮድ ሳይሆን ያቺ አንዲት «እሺ» ናት።

መስኮቱ ለምን እንደሚመጣ እዩት። ዊንዶውስ ዲስክ ሲሰካለት መጀመሪያ የሚፈልገው የፋይል ሥርዓቱን ምልክት ነው፤ ፋት ነው፣ ኤክስፋት ነው ወይስ ኤንቲኤፍኤስ? ቬራክሪፕት ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፍል) በሙሉ ሲመሰጥር ያ ምልክትም አብሮ ይሸፈናል። ከውጭ የሚታየው ከዳር እስከ ዳር ትርጉም የሌለው ባይት ብቻ ነው። ዊንዶውስ የተቆለፈውን ከተበላሸው የሚለይበት መንገድ ስለሌለው የተበላሸ ይመስለውና ፎርማት ይጠይቃል።

እሺ ከተባለስ? «ኩዊክ ፎርማት» ከሆነ አዲሱ የፋይል ሥርዓት በዋናነት የሚጻፈው ፓርቲሽኑ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ቬራክሪፕት ዋናውን ቁልፍ የሚያኖርበት ሄደርም ያለው እዚያው መጀመሪያው ላይ ነው፤ መጠኑ 512 ባይት ብቻ ነው። እሱ ሲጠፋ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ብታስገቡም የሚከፈት ነገር የለም። ደግነቱ ሁለተኛ ቅጂው ቮልዩሙ (የተመሰጠረው ክፍል) መጨረሻ አካባቢ ተቀምጧል። ስለዚህ ፍላሹ ላይ ሌላ ምንም ሳትጽፉ ቬራክሪፕትን ክፈቱ፤ በ«ሰሌክት ዲቫይስ» ፓርቲሽኑን ምረጡ፤ «ቮልዩም ቱልስ» ውስጥ «ሪስቶር ቮልዩም ሄደር» የሚለውን ተጫኑና ከቮልዩሙ ውስጥ ካለው መጠባበቂያ እንዲመልስ እዘዙት። የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ሄደሩን ከመለሰ በኋላ እንደ ድራይቭ ክፈቱት፣ ማለትም ማውንት አድርጉትና የሚነበበውን ሁሉ ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ፎርማቱ የተጻፈባቸው ቦታዎች ስላሉ የውስጡ የፋይል ሥርዓት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማውንት በተደረገው ድራይቭ ላይ እንደ ቴስትዲስክ ያለ ነፃ የፋይል ማዳኛ ይሞከራል። «ኩዊክ» የሚለው ምልክት ተነሥቶ ሙሉ ፎርማት ከተደረገ ግን ጉዳዩ አብቅቷል። ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ በሙሉ ፎርማት ጊዜ ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል፤ ሄደሩ ቢገኝ እንኳ የሚከፍተው ነገር አይኖርም።

ከዚህ ሁሉ መዘዝ የሚያድናችሁ አንድ ምርጫ ነው፤ ፍላሹን ሳይሆን ፍላሹ ላይ ያለች አንዲት ፋይል ቆልፉ። ቬራክሪፕት «ክሬት ቮልዩም» ሲባል መጀመሪያ የሚያቀርበው ምርጫ ይኸው ነው፤ ኮንቴነር ይባላል። ዊንዶውስ ፍላሹን እንደማንኛውም ፍላሽ ስለሚያነበው የፎርማት ጥያቄው አይመጣም። «ስታንዳርድ» የሚለውን ምረጡ፤ አልጎሪዝሙን ኤኢኤስ፣ ሃሹን ኤስኤችኤ-512 እንዳሉ ተዉአቸው። መጠኑን ስትወስኑ ግን አስቡበት፤ ኮንቴነር በኋላ እንደልብ የሚለጠጥ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ፍላሹ ራሱ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ 20 ጊጋባይት ኮንቴነር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ባዶውን ፍላሽ ኤክስፋት አድርጉት። የኮንቴነሩን የውስጥ ሥርዓት ሲጠይቃችሁም ያው 4 ጊጋባይት ገደብ ስላለ ትልልቅ ቪዲዮ ያለው ሰው ፋት አይምረጥ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አይጡን በመስኮቱ ውስጥ እንድታንቀሳቅሱ ሲጠይቃችሁ አሞሌው እስኪሞላ አንቀሳቅሱት፤ ቁልፉ የሚሠራው ከዚያ እንቅስቃሴም ነው። ፍላሹን ከመንቀላችሁ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ «ዲስማውንት» (በአዲሶቹ ቅጂዎች «አንማውንት») ብላችሁ ዝጉት፤ መዝለሉ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ስለ አልጎሪዝም ሳነሣ ትዝ አለኝ። የዛሬ ልጆች የምትጠይቁኝ ነገር ሁሉ «የቱ ይበልጣል?» ነው። ኤኢኤስ ወይስ ሰርፐንት? ሦስቱን ብደራርብስ? በአግባቡ የተሠራ ኤኢኤስ-256ን ሰብሮ ፋይላችሁን የሚያነብ ሰው አትጠብቁ። የሚሰበረው የይለፍ ቃሉ ነው፤ ስምና የልደት ዓመት ያለበትን የይለፍ ቃል የመገመቻ ፕሮግራም ይደርስበታል። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል ከእኛ ትውልድ እናንተ ትሻላላችሁ፤ የእኛ ዘመን ሰው የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጥፍ ነበር።

የይለፍ ቃል ስትመርጡ ከራሳችሁ ጭንቅላት አታውጡ፤ የምንመርጠው ሁሉ ይገመታል። ኪፓስኤክስሲ የተባለው ነፃ የይለፍ ቃል ማኖሪያ በዘፈቀደ ቃላት የሚያወጣ መሣሪያ አለው። 7,776 ቃላት ካሉት ዝርዝር በዕጣ የወጡ ስድስት ቃላት 77 ቢት (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ይሆናሉ፤ ለግል ፋይል ከበቂ በላይ ነው። ዝርዝሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ ቢሆን ይቀላል የሚል ሰው አለ። አላማውን እወደዋለሁ፣ ግን ተጠንቀቁ። በፊደላችን ከጻፋችሁት «ፀሐይ»ን በየትኛው ጸ፣ በየትኛው ሀ እንደጻፋችሁ ከስድስት ወር በኋላ ማን ያስታውሳል? የይለፍ ቃል ስትጽፉ የሚታያችሁ ነጥብ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ከጻፋችሁት ደግሞ ያቺው አንዲት ቃል አራት አምስት አጻጻፍ ይኖራታል። በዚያ ላይ የምትከፍቱበት ኮምፒውተር የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል፤ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚመጣው የቬራክሪፕት መጠየቂያ ላይ የሚሠራው የአሜሪካ ኪቦርድ ብቻ ነው። አማርኛ ካላችሁ አንድ አጻጻፍ ቁረጡና ወረቀት ላይ አስፍሩት። አዎ፣ ወረቀት፤ ሞኒተሩ ላይ የሚለጠፈውን አይደለም፣ ከኮምፒውተሩና ከፍላሹ ርቆ ከሌሎች ዋና ሰነዶቻችሁ ጋር የሚቀመጠውን ነው። ከጥበብ ሁሉ ይልቅ ብዙ ፋይል ያዳነው ይህ ወረቀት ነው።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። የኮንቴነር የይለፍ ቃል ስትቀይሩ የሚቀየረው ሄደሩ ብቻ ነው፤ መረጃው የተመሰጠረበት ዋና ቁልፍ ያው ነው። የቀድሞው የይለፍ ቃል በሰው እጅ ገብቶ ከሆነና ያ ሰው የኮንቴነሩ አሮጌ ቅጂ ካለው፣ በአሮጌው ሄደር አዲሱንም ሊከፍተው ይችላል። እንዲህ ከተጠራጠራችሁ አዲስ ኮንቴነር ሠርታችሁ ፋይሎቹን አዛውሩ።

እናንተ ገና ልጆች ሳላችሁ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያምነው ነፃ መሣሪያ ትሩክሪፕት ነበር። ሠሪዎቹ ማንነታቸውን ገልጠው አያውቁም። ሜይ 28 ቀን 2014 ድረ ገጹ በድንገት ተቀየረ፤ ሶፍትዌሩ ያልታረሙ ችግሮች ሊኖሩት ስለሚችል አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣበት፤ ከሥሩም ወደ ቢትሎከር፣ ማለትም ወደ ዊንዶውስ የራሱ ዲስክ መቆለፊያ፣ የመዛወሪያ መመሪያ። አብሮ የወጣው 7.2 ቅጂ የተቆለፈውን ከመክፈት በቀር አዲስ መቆለፍ አይችልም ነበር። ያን ሰሞን ያልተወራ ወሬ የለም። ኮዱን በገለልተኝነት የመመርመር ሥራ ቀድሞ ተጀምሮ ስለነበር በኤፕሪል 2015 ውጤቱ ወጣ፤ ጉድለቶች ተገኝተዋል፣ ሆን ተብሎ የተከፈተ የጓሮ በር (ድብቅ መግቢያ) ግን አልተገኘም። ቬራክሪፕት ከዚያው ኮድ ተነሥቶ በ2013 ተጀምሮ ስለነበር ሥራው ቀጠለ።

እኔ ከዚያ ታሪክ የያዝኩት ወሬውን አይደለም። ከ7.2 በፊት የነበረው፣ መቆለፍም የሚችለው የ7.1ኤ መጫኛ በእጁ የነበረ ሰው በዚያ ሳምንትም ፋይሉን እንደወትሮው ይከፍት ነበር፤ ያልነበረው ሰው ግን ከማያውቀው ቦታ ማውረድ ነበረበት። ስለዚህ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር መጫኛ ከኮንቴነሩ ጎን አስቀምጡት። አሮጌ የትሩክሪፕት ኮንቴነር ያላችሁም ካላችሁ፣ ቬራክሪፕት ከ1.26 ጀምሮ ያንን መክፈት ትቷል፤ የመጨረሻው የሚከፍተው 1.25.9 ነው። እሱን አውርዳችሁ ክፈቱና ፋይሉን ወደ አዲስ ኮንቴነር አዛውሩ።

ቬራክሪፕት የማይመችበት ቦታም አለ። ማክ ላይ እንደ ማክፊውዝ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይ ከፍላሽ ለማስነሣት ደግሞ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ አይሆንላችሁም። ክላውድ ላይም አትጫኑት። ኮንቴነሩ ቢቀየርም የተቀየረበትን ቀን ሳይነካ የሚተው ቅንብር ከመጀመሪያው በርቶ ስለሚመጣ ማመሳሰያው ለውጡን ላያይ ይችላል። ለክላውድ ክሪፕቶሜተር ይሻላል፤ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ከነስሙ ይመሰጥራል፣ ለኮምፒውተር ነፃ ነው። ቮልቱን (የተቆለፈውን ፎልደር) ስትፈጥሩ የሚሰጣችሁን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ጻፉት።

አንድ ፋይል ብቻ ለሰው ለመላክ ግን ሰቨን-ዚፕ የተባለው ነፃ የፋይል መጠቅለያ ይበቃል። «አድ ቱ አርካይቭ» ስትሉ ቅርጹን ሰቨን-ዜድ አድርጉ፣ የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ጻፉ፣ «ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት፤ ካላደረጋችሁ የውስጡ ፋይሎች ስም ያለ ይለፍ ቃል ይታያል። ዚፕ ከመረጣችሁ ስሞቹን የሚሸፍን ነገር የለም፤ ዚፕክሪፕቶ የተባለው አሮጌው ዘዴም እ.ኤ.አ. በ1994 ደካማነቱ የታየ ነው። ደግሞ የተቆለፈውን ሰነድ ሰቨን-ዚፕ ውስጥ እንዳለ ሁለቴ ተጭናችሁ ስትከፍቱ ፕሮግራሙ ያልተመሰጠረ ቅጂ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ አውጥቶ ነው የሚያሳያችሁ። ሲዘጋ ያጠፋዋል፤ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ቢጠፋ ግን እዚያው ይቀራል። ዋናውን ፋይል «ዲሊት» ማለትም ኤስኤስዲ ላይ በእርግጥ ጠፋ ማለት አይደለም። የዚህ መድኃኒቱ ላፕቶፑን ራሱን ዊንዶውስ ከሆነ በቢትሎከር፣ ማክ ከሆነ በፋይልቮልት፣ ሊኑክስ ከሆነ በላክስ መቆለፍ ነው፤ የቢትሎከርን 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሌላ ቦታ አስቀምጡ እንጂ ሌላው ግልጽ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ኢሜይል ላይ ስንመጣ ሐሳቤ የማይጥማቸው የሙያ ጓደኞች አሉ። ፒጂፒ የተባለው የኢሜይል መመስጠሪያ በ1991 ከወጣ ጀምሮ ተራው ሰው ይጠቀምበታል እየተባለ ተጠበቀ። በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች ኢሜይል የሚያውቁ 12 ሰዎችን ሰብስበው ፒጂፒን በ90 ደቂቃ እንዲጠቀሙበት ሰጧቸው፤ በትክክል ፈርሞና መስጥሮ የላከው ሲሶው ብቻ ነበር፣ ሦስቱ ምስጢሩን ሳይመሰጥሩ ላኩት። አሁን ነገሩ ቢቀልም ችግሩ ያው ነው፤ የምትጻጻፉትም ሰው ቁልፍ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ለአብዛኞቻችሁ የምለው፣ ምስጢሩን በሰቨን-ዜድ ፋይል አያይዙና የይለፍ ቃሉን በስልክ ንገሩ፤ በዚያው ኢሜይል ላይ ግን አይሆንም። ሁለታችሁም ፕሮቶን ሜይል ወይም ሁለታችሁም ቱታ የተባሉትን የኢሜይል አገልግሎቶች የምትጠቀሙ ከሆናችሁ መመስጠሩ በራሱ ይካሄዳል፤ ፕሮቶን ግን የርዕሱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጥረውም፣ ቱታ ይመሰጥረዋል።

እንዲህ ብዬ ተንደርበርድ የተባለውን ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ሳላስረዳ አልለቃችሁም። ከ2020ው 78ኛ ቅጂ ጀምሮ ኦፕን-ፒጂፒ (የፒጂፒ ክፍት ደረጃ) ውስጡ ተሠርቶለታል። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኤንድ-ቱ-ኤንድ ኢንክሪፕሽን» ገብታችሁ «አድ ኪ» በሉና አዲስ ቁልፍ ፍጠሩ። በዚያው ቅጽበት ለእናንተ የመጣውን የሚከፍተውን የግል ቁልፍ ወደ ፋይል አውጥታችሁ ኮንቴነራችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ እሱ ከጠፋ የቀድሞ ደብዳቤዎቻችሁ በሙሉ ተዘግተው ይቀራሉ። ሌላው ሰው ለእናንተ የሚመሰጥርበትን ይፋዊ ቁልፍ ለሰውየው ላኩለት፣ የእሱንም ተቀበሉ፣ ከዚያ የቁልፉን የጣት አሻራ (የቁልፉን መለያ ጽሑፍ) እየደወላችሁ አንብቡለት። ብዙውን ጊዜ 40 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ሁሉም ይነበብ፣ የመጨረሻዎቹ ስምንት ብቻ ሲሆኑ ማስመሰል ይቻላል። ላኪና ተቀባይ፣ ቀንና ሰዓት ሁልጊዜ ይታያሉ። ትልቁ ቀዳዳ ግን መልስ ነው፤ ሰውየው ሳይመሰጥር «ሪፕላይ» ካለ የእናንተ ጽሑፍ ሙሉው ከሥር ተጠቅሶ በግልጽ ይሄዳል። መጀመሪያ ምንም ምስጢር የሌለበት ደብዳቤ ተላላኩና መልሱ ተመስጥሮ መምጣቱን እዩ።

ተንደርበርድ ለቁልፉ የሦስት ዓመት ዕድሜ ያቀርብላችኋል፤ እሺ በሉት። ቀኑ ሲቃረብ አዲስ ቁልፍ አትፍጠሩ፤ በቁልፍ ማስተዳደሪያው ገብታችሁ የዚያኑን ቁልፍ ቀን አራዝሙና የታደሰውን ይፋዊ ቁልፍ ለምትጻጻፏቸው ሁሉ መልሳችሁ ላኩ፤ እነሱ ጋ ያለው ቅጂ የሚያሳየው የድሮውን ቀን ነውና።