ለጀማሪ ተዋንያን፦ የወኪሉ ሥራ የት ያበቃል፣ የማኅበሩስ?

ልጆቼ፣ በሆሊውድ ካሜራ ፊት ለመቆም የምታስቡ ሁሉ፤ ወኪል ያገኘ ተዋናይ ማኅበሩን ሲረሳ፣ የማኅበር አባል የሆነውም ሁሉን ነገር ከወኪሉ ሲጠብቅ፣ ገንዘቡ መሐል ላይ ይቀራል።

የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ-አፍትራ ነው፤ ሳግ እና አፍትራ የሚባሉ ሁለት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2012 ተዋሕደው የፈጠሩት። ከአምራቾች ጋር የጋራ ውል የሚዋዋለው እሱ ነው። የክፍያው ወለል፣ የጡረታና የጤና መዋጮው፣ ሥራው በድጋሚ ሲታይ የሚታሰበው ሬዚዱዋል እዚያ ያልቃል። ከወለሉ በታች ለመሥራት እናንተው ብትስማሙ እንኳ አይጸናም። ወኪሉ የሚደራደረው ከዚያ በላይ ባለው ላይ ነው፦ ተጨማሪ ክፍያ፣ ስማችሁ በፊልሙ ላይ የሚጻፍበት ቦታ፣ የማረፊያ ክፍላችሁ።

እስቲ እርሳስ አንሡ። በማኅበሩ ደንብ የወኪል ኮሚሽን 10 በመቶ ነው። የቀኑ ወለል 1,000 ዶላር ነው እንበል። ወኪሉ 100 ከቆረጠ እጃችሁ የሚገባው 900 ይሆናል፤ ከወለሉ በታች ወረዳችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ደህና ወኪል «ስኬል ፕላስ ቴን» (ወለሉና በላዩ 10 በመቶ) ብሎ 1,100 የሚያስጽፈው፤ መቶው የእሱ፣ ሺው የእናንተ። «ፕላስ ቴን» የሚለው ውሉ ላይ መኖሩን ሳታዩ አትፈርሙ። ከውሎ አበልና ምግብ ሲዘገይ አምራቹ ከሚከፍላችሁ ቅጣት ላይም ኮሚሽን አይነሣም።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 የሳግ አባላት ከወኪሎች ጋር የቀረበውን አዲስ ስምምነት በድምፅ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ኤጀንሲዎች (የወኪሎች ድርጅቶች) የሚያስፈርሙት የራሳቸውን ቅጽ ነው። ስለዚህ የቀረበላችሁ ቅጽ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የማኅበሩ ካልሆነ፣ የማኅበሩ ከለላ በሙሉ አብሮት ይመጣል ብላችሁ አታስቡ።

ማናጀር፣ ማለትም የሙያ ጉዟችሁን የሚያማክራችሁ፣ ከወኪል ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ሥራ ለማፈላለግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ያለው ኤጀንሲው ነው። የወኪሉንና የማናጀሩን ኮሚሽን ደምሩት፤ 10 እና 15 ከሆነ፣ ግብር ሳይነካው ሩብ ገቢያችሁ ሄደ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክፍያችሁ በኤጀንሲው በኩል ሲመጣ በአደራ ሒሳብ ገብቶ በ30 ቀን ውስጥ ሊደርሳችሁ ይገባል። ከዘገየ መጀመሪያ ገንዘቡ የቆመው የት እንደሆነ ለዩ፦ አምራቹ ጋ ከሆነ ወደ ማኅበሩ፣ ኤጀንሲው ጋ ከሆነ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነሩ።

የአባልነት መዋጮ ሳይከፈል ሲቀር ደግሞ ችግሩ የሚወጣው በመጨረሻው ሰዓት ነው። አምራቹ ከመቅጠሩ በፊት ማኅበሩን ሲጠይቅ ስማችሁ ይታገዳል፤ ወኪሉ የቀረጻው ዋዜማ ላይ ስልክ ሲያሯሩጥ ያመሻል።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ ስለ «ኤግዚቢት ጂ» ነው፤ የመግቢያ፣ የምግብና የመውጫ ሰዓታችሁ የሚመዘገብበት ወረቀት። ከተጠራችሁበት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ሰዓታት ሳያልፉ ምግብ መቅረብ አለበት፤ ካለፉ አምራቹ ቅጣት ይከፍላል። ወኪላችሁ ቀረጻው ቦታ አይኖርም፤ ማኅበሩም የሚያየው የተጻፈውን ነው። ባዶ ወረቀት ላይ፣ ወይም በእርሳስ በተሞላ ሰዓት ሥር አትፈርሙ። ሰዓቱን ራሳችሁ አይታችሁ በብዕር ፈርሙ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ያንኑ ማታ ለወኪላችሁ ላኩለት።