«የጥበብ አማልክት አቴና» ስንት ናቸው?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ አባት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«መምህር፣ የግሪክን የአማልክት ተረቶች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማታ ማታ ለልጄ አነብላታለሁ። ‹የጥበብ አማልክት አቴና› ብዬ የጻፍኩትን ባለቤቴ አየችና ‹ስንት ናቸው?› ብላ ሳቀችብኝ። ኢንተርኔት ላይ ግን ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው። ታዲያ ምን ልበል? ሴት አምላክ? እንስት አምላክ? ጣዖት? ደግሞስ ዜውስ ነው ዙስ? መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ‹ድያ› የሚል አይቼ ጭራሽ ግራ ገባኝ።»

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት። እዚህ ላይ ላግዝህ አልችልም።

አማልክት ማለት የአምላክ ብዙ ቁጥር ነው። አንድ ከሆነ አምላክ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ አማልክት። ልክ እንደ መልአክና መላእክት። «መላእክት» ሲባል ስለ አንዲት ሴት መልአክ እየተወራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አላጋጠመኝም፤ አማልክት ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። ለምን? መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» ናት የምታታልለው። ንጉሥ ብለን ንግሥት፣ ቅዱስ ብለን ቅድስት እንላለን። ጆሯችን ይህችን «ት» ከሴት ጋር አስተሳስሮ ለምዷታል። አምላክ ብሎ አማልክት የሚል ሰው እንግዲህ በልቡ ንጉሥ፣ ንግሥት እያለ ነው። ግን ግዕዝ በ«ት» ብዙ ቁጥርም ይሠራበታል፤ መላእክት፣ ነገሥታት፣ ሊቃውንት።

ማስረጃ ከፈለግክ ግሡን አድምጥ። ዐሥርቱ ትእዛዛት ላይ «ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» ነው የሚለው። አይሁኑልህ እንጂ አትሁንልህ አይደለም። ራሳቸው የግሪክ አማልክት በመጡበት ቦታም እንደዚያው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን ከተማ አንድ ሽባ ይፈውሳሉ። ሕዝቡ ይደነግጥና አማልክት ሰዎችን መስለው ወደ እኛ ወርደዋል ይላል። ወርደዋል። ሁለት ሰዎች ስለሆኑ አማልክት ተባሉ፣ አለቀ።

(«አማልክቶች» የሚለውስ? ብዙውን እንደገና ማብዛት ነው። በአፍ ሲነገር አልቆጣም፣ እኔም ሳላስበው እላለሁ። ለልጅህ ስትጽፍ ግን «አማልክት» ይበቃሃል።)

እሺ፣ አንዷን ምን እንበላት?

መጀመሪያ የማይሆኑትን ላስወጣ። «አምላኪት» የሚል ሰው አይቻለሁ። አምላኪ ማለት የሚያመልክ ስለሆነ ሴትዮዋን ከዙፋኗ አውርደህ ከምእመናን ጋር ታሰልፋታለህ። «አምላኳ» ብትል ደግሞ አንባቢው የእሷ አምላክ ብሎ ይረዳዋል። «አቴና አምላኳ» ሲባል አቴና ራሷ የምታመልከው ሌላ አምላክ ያላት ይመስላል። «ጣዖት» ሌላ ጣጣ አለው። ጣዖት የሚመለከው ምስል ነው፣ የተቀረጸው ነገር። ከዚያም በላይ ቃሉ ፍርድ ተሸክሟል። ለስብከት ይሆናል፤ ተረት ውስጥ ግን አቴና ጦር ይዛ ትሮጣለች፣ ትቆጣለች፣ ትመክራለች። ድንጋይ አይሮጥም።

እኔ የምመርጠው ተራውን «አምላክ»ን ነው። አማርኛ ጾታን ስሙ ላይ ካልለጠፍኩ ብሎ የሚጨነቅ ቋንቋ አይደለም፤ ግሡ ይሸከምለታል። «የጥበብ አምላክ አቴና ጦሯን አነሳች» በል። አነሳች ስትል ልጅህ ሴት መሆኗን ሰምታለች፣ ጦሯን ስትል ደግማ ሰምታለች። ሦስተኛ ጊዜ «እንስት» ብሎ መንገር ምን ይባላል? የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ስለ ኤፌሶኗ አርጤምስ ሲጽፉ «ታላቂቱ አምላክ» ነው ያሉት። አምላክን ሳይነኩ ሴትነቷን ቅጽሉ ላይ አደረጉት። ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። «ኃያሊቱ አምላክ»፣ «ቁጡዋ አምላክ» እያልክ መሄድ ትችላለህ።

ግሥም ቅጽልም በማይገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ርዕስ ላይ ወይም ወንዶቹንና ሴቶቹን ለመለየት ስትፈልግ፣ «ሴት አምላክ» ጥሩ ነው። «እንስት አምላክ»ም ስህተት የለበትም፣ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። ሲበዙ ሴት አማልክት። ሄራ፣ አቴናና አፍሮዲጤ በአንድ የወርቅ ፖም የተጣሉበትን ታሪክ ስትደርስ «ሦስቱ ሴት አማልክት» ብለህ ጀምር። ፖሙ ላይ የተጻፈውን ግሪኩ በሴት ቅጽል ነው ያስቀመጠው። ለአማርኛ ደግሞ ሠርግና ምላሽ ነው፤ «ለቆንጆዋ» ትላለህ፣ በአንድ ቃል ትገላገላለህ።

ጨዋታው ከደራ ስለ አክብሮትም ልንገርህ። «ዜውስ ተቆጡ» እንዳትል። አማርኛ አምላክን በ«አንተ» ነው የሚጠራው፤ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» የምንለው ሰዎች ለፈጣሪ «አንተ» እንላለን። ዜውስም ያው ነው፣ ተቆጣ በለው።

አሁን ወደ ስሞቹ። አፍሮዲጤ ማለቴን ሳታይ አልቀረህም። አፍሮዳይት ለምን አላልኩም?

የግሪክ ስም ወደ እኛ የሚገባበት ሁለት በር አለው። አንዱ አሮጌ በር ነው፣ በቀጥታ ከግሪክ ወደ ግዕዝ። ሌላው በእንግሊዝኛ ዞሮ የሚመጣው ነው። አሮጌው በር ሕግ አለው፣ በጣም የሚያምር ሕግ። ግሪክኛ ሁለት ዓይነት «ት» ነበረው፣ አንዱ እስትንፋስ ያለው፣ አንዱ የሌለው። የቀድሞ ተርጓሚዎቻችን እስትንፋስ ያለውን በ«ተ»፣ የሌለውን በ«ጠ» ጻፉት። ስለዚህ ቶማስና ማቴዎስ በ«ተ»፣ ጴጥሮስና ጢሞቴዎስ በ«ጠ» ጀመሩ ወይም ያዙ፤ ጢሞቴዎስ እንዲያውም ሁለቱንም ይዟል። «ክ»ም እንደዚያው ነው። ክርስቶስ በ«ክ»፣ ቆሮንቶስ በ«ቀ»። በዚህ ሕግ አቴና በ«ተ» ትጻፋለች፣ አርጤምስ በ«ጠ»። የውበቷ አምላክም አፍሮዲጤ ትሆናለች። ስሟን የተሸከመውን ሰው ፊልጵስዩስ ላይ «አፍሮዲጡ» ብለን ስናነበው ኖረናል።

ሕጉ አንዳንዴ ከእንግሊዝኛ ይበልጣል። የዜውስ አባት፣ ልጆቹን የሚውጠው፣ በግሪክኛ እስትንፋስ በሌለው «ክ» ይጀምራል። ጊዜ የሚለው ቃል ደግሞ እስትንፋስ ባለው። ሁለቱ ሲምታቱ ኖረዋል፣ «የጊዜ አምላክ ልጆቹን በላ» የሚለውም ከዚያ ይመጣል። በግዕዙ ሥርዓት አባትየው ቅሮኖስ፣ ጊዜ ክሮኖስ ይሆናሉ። ተለያዩ።

ታዲያ ሁሉንም በሕጉ ጻፍ አልልህም። አፖሎን ሁሉም ሰው አፖሎ ብሎ ያውቀዋል፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ሰው ጨረቃ ላይ ያረፈበትም መንኮራኩር በዚሁ ስም ነው የሚታወቀው። ተወው። ወጥነት የጎደለኝ መስሎህ ከሆነ፣ አዎ ጎድሎኛል። ቢያንስ ግን የግሪኩንና የሮማውን አታደባልቅ፤ ዜውስ ካልክ ጁፒተር፣ አፍሮዲጤ ካልክ ቬነስ አትበል። የ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ልስጥራን ላይ ጁፒተርና መርኩሪየስ፣ ኤፌሶን ላይ ዳያና ብሎ የሮማውን ስም ነው ያስገባው። የእኛው የግሪኩን እንደያዘ ቀረ።

በነገራችን ላይ በአምላክ ስም ፋንታ ሌላ የአምላክ ስም መተካትን አክሱምም ታውቀዋለች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ንጉሥ ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ግዕዙ «ወልደ መሕረም» ይለዋል። የግሪክኛው ጽሑፍ ግን መሕረምን አያውቅም፤ የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነው የሚለው። መሕረም የጦር አምላክ ስለሆነ የግሪኮቹን የጦር አምላክ ተኩለት። አዱሊስ ላይ የነበረውና ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍም ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት መቅረቡን ይናገራል።

አሁን ድያ። ይህን ጥያቄ ስላነሳህ ደስ ብሎኛል።

ግሪክኛ ስምን እንደ አገባቡ ይለዋውጣል። ዜውስ ባለቤት ሲሆን ዜውስ፣ አገናዛቢ ሲሆን ዲዮስ፣ ተሳቢ ሲሆን ዲያ ይሆናል። ልስጥራን ላይ ሕዝቡ በርናባስን ዜውስ፣ ጳውሎስን ሄርሜስ ብለው ሲጠሯቸው ሁለቱም ስሞች ተሳቢ ናቸው፤ ዲያ እና ሄርሜን። ተርጓሚው እንዳለ አነሳቸው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛም በርናባስን «ድያ አሉት»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን አሉት» ይላል። እስቲ ሄርሜን ላይ ያለችውን «ን» ተመልከታት። የኛው የተሳቢ «ን» ትመስላለች፣ አይደል? አይደለችም። የኛ ብትሆን ድያም «ድያን» በሆነ ነበር። ደግሞ እኛ «አበበን አሉት» ብለን ስም አናወጣም። የግሪኮች «ን» ናት። የእነሱም ተሳቢ በ«ን» መጨረሱ በአጋጣሚ ገጥሞ ነው። ስለዚህ አንተ ባለቤቱን ይዘህ ዜውስና ሄርሜስ በል፤ ዙስን እርሳው።

ዲዮስ የሚለው አገናዛቢ ግን ቤታችን ገብቶ ተቀምጧል። ዲዮስቆሮስ ማለት የዜውስ ልጅ ማለት ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ ወደ ሮም በተሳፈረበት መርከብ ዓላማ ላይ የነበሩት መንትዮች ስም ነው፣ በኋላ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ተጠራበት፣ ቅዳሴ ዲዮስቆሮስም በእሱ ስም ነው። ድሜጥሮስ የእህል አምላክ የዴሜጤር ነው። ኤፌሶን ላይ የአርጤምስን መቅደስ በብር እየሠራ የሚሸጠው ሰው ድሜጥሮስ ነው የሚባለው፤ በአንዷ ስም ተጠርቶ በሌላዋ እንጀራ ይበላል። ባሕረ ሐሳብን ደረሰ የሚባለው ፓትርያርክም ድሜጥሮስ ነው።

ልጅህ ደስ የሚላት ግን ሌላኛዋ ናት። ፌቤ የአርጤምስና የአፖሎ አያት ናት፣ የእናታቸው የሌቶ እናት። ጳውሎስ ሮሜ ምዕራፍ 16 ላይ በዚህ ስም የምትጠራ አንዲት እኅትን አደራ ሲል ስሟ ተሳቢ ስለሆነ ፌቤን ሆነ። እኛም ከነ«ን»ዋ ወስደን ስም አወጣንበት። ዛሬ ፌቨን የምትባል ልጅ ከክፍሏ አትጠፋም። እና «ፌቨንን ጥሪያት» ስትላት ሁለት «ን» አለ። አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የጳውሎስ።