ናፍታ የሚጠጣው አሮጌው ፒክአፕ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ናፍታ ናፍታ ይሸታሉ። የተወሰኑትን ልመልስ።

ሃይሉክሴ ድሮ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፣ አሁን 7 እንኳ አይሞላም። ኖዝል አስቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ምን ልቀይር? (ከደብረ ብርሃን)

ገና ምንም አይቀይሩ። ግማሽ ሰዓት ነድተው የሙቀት ጌጁን ይዩት። ቀስቱ ከታች አልነሳ ካለ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ክዳን) እጠረጥራለሁ፤ ወይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም። መኪና አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ "ይቺን አውጥተን እንጣላት" የሚል መካኒክ አይጠፋም። የእኔንም ሳይነግሩኝ ጥለውታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ናፍታውን ስረግም ኖሬ፣ አንድ ቀን የራዲያተሩን ቱቦ ብፈታ ቤቱ ባዶ! ሞተር ናፍታውን በወጉ የሚያቃጥለው ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ውሃው ሳያቋርጥ በራዲያተር ከዞረ፣ በእናንተ ብርድ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ገና ጠዋት ላይ ነው። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ግን ያኔ ሞተሩን ከልክ በላይ ያሞቀውን ነገር ያስፈትሹ፦ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የላላ ቺንጋ (ቀበቶ) ሊሆን ይችላል።

ቀስቱ ደህና ከሆነስ? ትንሽ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ፣ እንዳይነኩ ብቻ። አንዱ ለብቻው ከፋጀ ፍሬኑ ይዞ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ስወርድ በፎሌ (ከማርሽ አውጥቼ) ነው የምለቀው። ናፍታ አይቆጥብም?

ወንድሜ፣ ለነፍስህ እዘንላት! ደግሞም አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ፓምፑ ናፍታውን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። ፍሬኑ እየጋለ መሄዱን ስትጨምርበት ኪሳራው ድርብ ነው።

እንጦጦን ስወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አዋሽ ስወርድ ይጠፋል። ምንድን ነው?

ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባው) የለውም መሰለኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፓምፑ ግን ያንኑ ናፍታ ይልካል። የተረፈው ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ብርዎ ነው የሚጨሰው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው አምፖል ላይ ይያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር። ጭሱ ከቀጠለ የፓምፕ ባለሙያ ናፍታውን ትንሽ ይቀንስልዎ። ጉልበቱ ጥቂት ይቀንሳል፣ ይልመዱት።

የኋላውን ስፖንዳ ከፍቶ መንዳት ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ይዝጉት።

ላምባ ብቀላቅልበትስ?

ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ነው። ላምባ ደረቅ ነው፤ የቆጠብከውን ፓምፕ ታሠራበታለህ።

ትልልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ኪሎ ሜትሩ አነሰ።

ከፊሉ የቆጣሪው ውሸት ነው። የጎማው ዙሪያ በ10 በመቶ ከጨመረ፣ 500 ኪሎ ሜትር ሄደህ 455 ገደማ ነው የሚያሳይህ። ከፊሉ ግን እውነት ነው፤ ከባድ ጎማ ለማዞር ጉልበት ይፈልጋል። የድሮዎቹን ካልሸጥካቸው መልሳቸው።