አለቃዬ «እናስተካክላለን» ካለኝ ስምንት ወር ሆነው፣ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ኢንቦክስ ከገቡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ያው ናቸው፣ ስንቀጠር እንዲህ ተብለን ነበር አሁን ግን እንዲህ ሆነብን የሚሉ። የቻልኩትን ልመልስ።

የሙከራ ጊዜ 6 ወር ነው ብለው አስፈርመውኛል፣ ይቻላል?

አይቻልም። 60 የስራ ቀን ነው፣ አለቀ።

ማስታወቂያው «ነፃ ምሳ» ይላል፣ ስገባ ግን ከሰኞ እስከ አርብ ሽሮ ነው። ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?

ወንድሜ፣ ሽሮ ምሳ ነው። ቀጣይ።

ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነኝ። ስቀጠር የማታ ሰርቪስ አለ፣ ከሙከራ በኋላ ደሞዝ ይጨመራል፣ ኦቨርታይም ይከፈላል ተባልኩ። ስምንት ወር ሆነኝ፣ አንዱም የለም። ኤችአሩን ስጠይቀው «እናስተካክላለን፣ ትንሽ ታገሺ» ይላል። ልታገስ?

አትታገሺ። እህቴ እነዚህን ሶስቱን ለያይተሽ እያቸው። ሰርቪሱና ጭማሪው በቅጥር ደብዳቤሽ ወይም በውልሽ ላይ ካልተፃፉ ማስረጃ ይቸግርሻል፣ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርገሽ ከሆነ አስቀምጪው፣ እሱም ከምንም ይሻላል። ኦቨርታይም ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ የሰውየው ቸርነት አይደለም፣ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ላይ ቁጭ ያለ ሂሳብ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 በ1.75፣ በእረፍት ቀንሽ በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5። የሰዓትሽ ክፍያ 50 ብር ነው እንበል፣ ፈረቃሽ ካለቀ በኋላ ከምሽቱ 4 እስከ 7 ከቆየሽ የዛች ሌሊት ብቻ 262 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የገና በዓል ላይ ደግሞ መደበኛ ፈረቃሽ እንኳን ቢሆን ሰዓቱ በ2 ይባዛል፣ ስለዚህ 8 ሰዓት ከሰራሽ 800 ብር።

አሁን የሚያናድደኝ ቦታ ላይ ደረስን። የደሞዝና የኦቨርታይም ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ ጊዜው ያልፍብሻል፣ የሚቆጠረውም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። አንቺ ስምንት ወር ታግሰሻል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ምናልባት ሄደዋል፣ እያንዳንዱ የደሞዝ ቀን ባለፈ ቁጥር ደግሞ ከኋላ አንድ ወር እየተቆረጠ ይሄዳል። «ታገሺ» የሚልሽ ሰው ይህን ያውቅ ይሆናል ላያውቅም ይችላል፣ ለድርጅቱ ግን ዝም ብሎ ብር ነው። ስለዚህ በቃል መጠየቅ አቁሚና በቴሌግራም ፃፊለት፣ ይሄን ይሄን ቀን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ሰርቻለሁ አልተከፈለኝም ብለሽ፣ እሱም «አዎ አለብን» ካለ ያ ማመን ነው፣ ይርጋውን ሊያቋርጠው ይችላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የሺፍት ወረቀት በየሳምንቱ ፎቶ አንሺ። ከዛ የክፍለ ከተማሽ ስራና ክህሎት ፅህፈት ቤት አመልክቺ፣ ፍርድ ቤት ብትሄጂም ሰራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የጠፉት ወራት ይመለሱ አይመለሱ የሚለውን ግን ወረቀቶችሽን የሚያይ ጠበቃ ይንገርሽ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አልገምትም።

ሱፐርቫይዘር አድርገውኝ «አንተ አሁን ማኔጅመንት ነህ፣ ኦቨርታይም የለህም» አሉኝ።

ሰው መቅጠር ትችላለህ? ማባረርስ? የድርጅቱን ፖሊሲ ታወጣለህ? የማትችል ከሆነ ባጅህ ላይ የተፃፈው ብቻ ከአዋጁ አያስወጣህም፣ አዋጁ የሚያየው ስልጣንህን ነው። የሞቀ ወንበር እንኳን ሳይሰጡህ ነው እኮ።

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጋርመንት ውስጥ ነው የምሰራው። ስገባ «ለእናቶች ምቹ ነን» ብለው ነበር፣ አሁንም ግን የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ፣ እግሬ ያብጣል። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።

የኔ እናት፣ ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእግር እብጠት የተለመደ ሊሆን ይችላል፣ የደም ግፊት ምልክትም ሊሆን ይችላል፣ ሳይለኩሽ አይታወቅም። ራስ ምታት ወይ የአይን ብዥታ ካለበት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ፣ እንዳታድሪ። ለምርመራ የቀረሽበት ሰዓት ከደሞዝሽ አይቆረጥም፣ ማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ተቀበያቸው። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ማሰራት ክልክል ነው፣ ኦቨርታይምም እንደዛው። በእርግዝናሽ ምክንያት ሊያባርሩሽ አይችሉም፣ ከወለድሽ በኋላም እስከ አራት ወር ድረስ። ወሊድ ፈቃድሽ 30 ቀን ከመውለድሽ በፊት፣ 90 ቀን ከወለድሽ በኋላ፣ ከሙሉ ደሞዝ ጋር ነው። ግን መጀመሪያ ግፊትሽን ተለኪ።

ደሞዜ ሁለት ቦታ ነው የሚከፈለኝ፣ ግማሹ በፔይሮል ግማሹ በእጅ። «ታክስ እናድንልህ» ብለው ነው፣ ይጎዳኛል?

ጡረታ የሚሰላው ፔይሮል ላይ ካለው ደሞዝ ነው፣ ካንተ 7 በመቶ ከነሱ 11 በመቶ። ስለዚህ ያዳኑት የራሳቸውን ነው። የስራ ስንብት ክፍያህም ላይ ያው ትንሽ ቁጥር ይመጣብሃል። የጡረታ ቁጥርህን ይዘህ ማህበራዊ ዋስትና ሄደህ በስምህ ስንት እንደገባ ጠይቅ፣ የታክሱን ነገር ደግሞ ሂሳብ ሰራተኛ አማክር። ምን እንዳሉህ ፃፍልኝ።