«ሙሉ ቁጥር» ጎደሎ ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ «2,147,483,647 ሙሉ ቁጥር ነው፤ ጎደሎም ነው፤ ለማንም አይካፈልም» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። አንድ ቁጥር እንዴት ሙሉም ጎደሎም ይሆናል? «ለማንም አይካፈልም» ማለትስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ያደናገረዎት ሒሳቡ ሳይሆን «ሙሉ» የሚለው ቃል በሁለት ፍቺ መግባቱ ነው፤ ፍቺዎቹን ለመለየት ደግሞ የእያንዳንዳቸውን ተቃራኒ መጠየቅ ይበቃል። ነገሮችን ጥንድ ጥንድ አድርገን ስንቆጥር አንዱ አጣማጅ አጥቶ ከቀረ ቁጥሩን «ጎደሎ»፣ ካልቀረ «ሙሉ» እንለዋለን። «ሙሉ ቁጥር» ስንል ግን ያልተሸረፈውን ማለታችን ስለሆነ ተቃራኒው ጎደሎ ሳይሆን ክፍልፋይ ነው። የጠቀሱት ቁጥር በ7 ስለሚያበቃ በመጀመሪያው ፍቺ ጎደሎ ነው፤ ክፍልፋይ ስለሌለበት በሁለተኛው ፍቺ ሙሉ ነው።

ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ አንዱን በሌላ ቃል መተካት ይሻላል። የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሙባቸው «ተጋማሽ» እና «ኢተጋማሽ» ለዚህ ይረዳሉ። «ኢ» የግእዝ አፍራሽ በመሆኑ «ኢተጋማሽ» ለጆሮ የሚጎረብጣቸው አሉ፤ ሆኖም «ኢሰብአዊ»ን የለመደ ጆሮ ይህንንም ይለምዳል። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ቃሉ ሳይናገር የሚያልፈው ነገር ነው፤ 2,147,483,647 እኮ ለሁለት ሊገመስ ይችላል፣ ግማሹም 1,073,741,823 ተኩል ነው። ስለዚህ «ኢተጋማሽ» ማለት «ተኩል ሳይከተለው የማይገመስ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል።

«ለማንም አይካፈልም» የሚለውም እንደዚሁ ያልተነገረ ነገር አለበት። ቁጥሩን ለ3 ብናካፍለው ድርሻው 715,827,882 ይሆንና 1 ይቀራል፤ ማካፈሉ ተችሏል፣ ቀሪው ግን አልጠፋም። እንዲያውም 1 ብንቀንስለት የአኃዞቹ ድምር 45 ስለሚሆን ለ3 ብቻ ሳይሆን ለ9 ጭምር ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከዚህም በላይ ማንኛውም ቁጥር ለ1 እና ለራሱ ያለ ቀሪ ስለሚካፈል «ለማንም» የሚለው ቃል ከልክ ያለፈ ነው። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የለም» ነው፤ ይህንን «ብቸኛ ቁጥር» የሚለው ስያሜ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ሲሆን፣ ማረጋገጫው በ1772 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለዚህ ዓይነቱ ማረጋገጫ ከ46,340 በላይ ያሉትን አካፋዮች መሞከር አያስፈልግም፤ ከ46,340 የሚበልጡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ ከቁጥራችን ስለሚበልጥ፣ ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖር ኖሮ ከዚያ የማይበልጥ ተጣማሪ ይኖረው ነበርና።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ «2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል። ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ከ2 በቀርም ተጋማሽ ብቸኛ ቁጥር ስለሌለ «ጎደሎም ነው» የሚለው ጭማሪ አያስፈልግም።