የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሳንቲም፣ ዕቁብ እና ቆርኪ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከአዳማ የደረሱን ናቸው። የሚያነሱትም በመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ውስጥ ስለሚሰጠው ፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን በቁጥር ስለ መግለጽ ነው።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን ሁለት ሳንቲሞች አንድ ላይ ቢወረወሩ አንዱ ጎፈር ሌላው ዘውድ ሆኖ የመውደቁ ዕድል ግማሽ ነው ብለውናል። እኔና ጓደኛዬ ግን ሊመጡ የሚችሉት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው እንላለን፤ ሁለቱም ጎፈር፣ ሁለቱም ዘውድ፣ ወይም አንድ አንድ። ታዲያ ዕድሉ ሲሶ መሆን አልነበረበትም?

መልስ፦ መምህራችሁ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ እናንተ የተሳሳታችሁበት ቦታ ትልልቅ ሰዎችም የወደቁበት ነው። ዳላምቤር የተባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመ የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፉ፣ አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንዴ ጎፈር የመውጣቱ ዕድል ሁለት ሦስተኛ ነው ብሎ ተከራክሯል። ያሰበውም እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያው ጎፈር ከወጣ ነገሩ አበቃ፤ ካልወጣ በሁለተኛው ይወጣል ወይም አይወጣም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ሦስት መንገድ አለው፣ ከሦስቱም ሁለቱ ይጠቅማሉ። ትክክለኛው መልስ ግን ሦስት አራተኛ ነው።

የእሱም የእናንተም ስሕተት አንድ ነው፤ ውጤቶቹን ቆጠራችሁ እንጂ እኩል የመሆን ዕድል ያላቸው መሆናቸውን አላረጋገጣችሁም። «የሚፈለጉት ውጤቶች ብዛት፣ ሊሆኑ ለሚችሉት ውጤቶች ሁሉ ብዛት ሲካፈል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ቀመር የሚሠራው እያንዳንዱ ውጤት ከሌላው ጋር እኩል ዕድል ሲኖረው ብቻ ነው። ይህንን ለማየት ሁለት ተመሳሳይ ሳንቲሞችን ትታችሁ አንድ ባለ አንድ ብር እና አንድ ባለ ሃምሳ ሳንቲም ውሰዱ። ብሩ ጎፈር ሃምሳው ጎፈር፣ ብሩ ጎፈር ሃምሳው ዘውድ፣ ብሩ ዘውድ ሃምሳው ጎፈር፣ ብሩ ዘውድ ሃምሳው ዘውድ፤ በድምሩ አራት ናቸው፣ ከአራቱ አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያትም የለም። «አንድ አንድ» ያላችሁት ውጤት በሁለት መንገድ ስለሚመጣ ዕድሉ ከአራት ሁለት፣ ማለትም ግማሽ ነው። ሁለቱ ሳንቲሞች ተመሳሳይ ሲሆኑ የእኛ ዓይን ሊለያቸው አይችልም እንጂ ሁለት ሳንቲሞች መሆናቸው አይቀርም።

በዳይስም ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ዳይሶች ሲጣሉ 36 እኩል ውጤቶች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ድምሩ 7 የሚሆነው በ6 መንገድ ሲሆን ድምሩ 2 የሚሆነው ግን በአንድ ብቻ ነው። ሦስት ዳይስ ሲሆን ነገሩ ይረቅቃል፤ ጋሊሌዎ እንኳ ስለዚህ ጽፏል። ድምሩ 9 የሚሆንባቸው የሦስት ቁጥሮች ጥምሮች 6 ናቸው፤ ድምሩ 10 የሚሆንባቸውም እንዲሁ 6 ናቸው። ሆኖም በዳይስ ጨዋታ ልምድ የነበራቸው ሰዎች 10 ትንሽ እንደሚበዛ አስተውለው ነበር። ጋሊሌዎ ቅደም ተከተሉን ጭምር ሲቆጥር፣ ከ216 ውጤቶች 9ን የሚሰጡት 25፣ 10ን የሚሰጡት ደግሞ 27 ሆነው ተገኙ። ለምሳሌ 3፣ 3፣ 3 በአንድ መንገድ ብቻ ሲመጣ፣ 1፣ 3፣ 6 ግን በስድስት መንገድ ይመጣል። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ተጫዋቾቹ ይህን በዓይናቸው ለመለየት ስንት ጊዜ ዳይስ ጥለው እንደሚሆን ማሰብ በራሱ ያስደንቃል።

መምህራችሁን በቃላቸው ብቻ ማመን የለባችሁም። ሁለቱን ሳንቲሞች 100 ጊዜ ወርውሩና «አንድ አንድ» የወጣበትን ቁጠሩ። 46 ወይም 55 ቢሆን የሚያስገርም ነገር የለውም። 33 አካባቢ ከሆነ ግን በመጀመሪያ አቆጣጠራችሁን፣ ቀጥሎም ሳንቲሞቹን መርምሩ።

ጥያቄ፦ የባጃጅ አሽከርካሪ ነኝ። 12 ሆነን ዕቁብ እንጥላለን፤ በየወሩ አንድ ዕጣ ይወጣል። ስምንት ወር አልፎ ስላልደረሰኝ፣ በሚቀጥለው ወር የማግኘት ዕድሌ እንደጨመረ ለቤተሰቤ ስናገር የ13 ዓመቱ ልጄ ሰማኝ። እሱም «እንደዚያ ከሆነ ሳንቲም አምስት ጊዜ ተከታትሎ ጎፈር ከወጣ በስድስተኛው ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ይጨምራል ማለት ነው» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

መልስ፦ እርስዎ ትክክል ነዎት፣ ልጅዎ ተሳስቷል፤ ያነሳው ሐሳብ ግን በጣም ጥሩ ስለሆነ እንዳይቆጡት። በዕቁብ ዕጣው የወጣለት ሰው ስም ወደ ቆርቆሮው አይመለስም። በመጀመሪያው ወር ከ12 ወረቀቶች አንዱ የእርስዎ ነበር፤ አሁን የቀሩት አራት ስለሆኑ ዕድልዎ ሩብ ሆኗል። ያለፉት ዕጣዎች ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ነገር በእርግጥ ለውጠውታል። ሳንቲሙ ግን አምስት ጊዜ ጎፈር ከወጣም በኋላ ያው ሁለት ገጽ ያለው ሳንቲም ነው፤ ከጎፈሩ ገጽ የተቀነሰ ነገር የለም፣ ያለፈውንም አያስታውስም። በስድስተኛውም ዕድሉ ግማሽ ነው።

ልጅዎ ስድስት ጎፈር በተከታታይ ማየት ብርቅ ነው ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ዕድሉ ከ64 አንድ ነው። ነገር ግን አምስት ጎፈር ወጥቶ በስድስተኛው ዘውድ የመምጣቱ ዕድልም፣ ከመጀመሪያው ሲሰላ፣ ከ64 አንድ ነው። አምስቱ አንዴ ካለፉ በኋላ የሚቀረው በእነዚህ በሁለቱ እኩል አማራጮች መካከል ያለው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት በሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ተጥላ ቀይ ወይም ጥቁር ቤት ላይ በምታርፍበት ጨዋታ) ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አርፋለች፤ «አሁንስ ቀይ መውጣት አለበት» እያሉ ገንዘባቸውን ቀይ ላይ የደራረቡ ሰዎች ብዙ ከስረዋል። ታዲያ ሳንቲሙ ካላካካሰ በስተመጨረሻ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እንዴት ነው? ከአምስቱ ጎፈር በኋላ 1000 ጊዜ ቢወረወርና 500ው ጎፈር ቢሆን፣ በድምሩ ከ1005 ውስጥ 505 ጎፈር ይሆናል፤ ይህም 50.25 በመቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በብዛቱ ውስጥ ተዋጡ እንጂ በዘውድ አልተካካሱም።

ስለ ዕቁቡ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቁቡ ሳይጀመር በፊት በዘጠነኛው ወር የማግኘት ዕድልዎ ስንት ነበር ቢባል መልሱ እንደ ሌላው ወር ሁሉ ከ12 አንድ ነው። እስከ ስምንተኛው ወር ያለመድረስ ዕድል ከ12 አራት ነው፤ ከዚያ በቀሩት አራት ሰዎች መካከል ዕጣው የእርስዎ የመሆኑ ዕድል ሩብ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ ከ12 አንድ ይሆናሉ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አንዱ ምንም ሳናውቅ የተሰላ፣ ሌላው ስምንቱን ዕጣዎች ካየን በኋላ የተሰላ ነው።

ጥያቄ፦ ሎተሪ ስገዛ ተመሳሳይ አኃዝ የተደጋገመበት ቁጥር፣ ለምሳሌ 444444፣ ሲሰጡኝ እመልሳለሁ። እንዲህ ያለ ቁጥር ይወጣል?

መልስ፦ ዕጣው በትክክል የሚወጣ ከሆነ 444444 እና 381726 እኩል ዕድል አላቸው። «የተደጋገመ» የሚባሉት ጥቂት፣ «የተደበላለቀ» የሚባሉት ደግሞ እጅግ ብዙ በመሆናቸው አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛዎቹ ይሆናል፤ እርስዎ የሚገዙት ግን አንዱን ቁጥር ነው እንጂ ወገኑን አይደለም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። በክፍሌ 50 ተማሪዎች አሉ፤ ዳይስ የለንም። በቆርኪ ማስተማር እችላለሁ? ሁለት ገጽ ስላለው ዕድሉ ግማሽ ነው ብዬ ልነሳ?

መልስ፦ በቆርኪ ማስተማርዎን እደግፋለሁ፤ ግማሽ ነው ብለው ግን አይነሱ። ሳንቲምን ግማሽ የምንለው ሁለቱ ገጾች ከምስሉ በቀር ስለማይለያዩ ነው። ቆርኪ በአንድ በኩል ክፍት፣ በጠርዙም የታጠፈ ስለሆነ ሁለቱን ገጾች እኩል የሚያደርጋቸው ነገር የለም። ሁለት አማራጭ መኖሩ ብቻ ግማሽ አያሰኝም፤ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቆርኪ ዕድል የሚታወቀው በመወርወር ነው። ይህን አካሄድ በሒሳብ ያጸናው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1713 ነው፤ ሙከራው በበዛ ቁጥር የሚታየው ድርሻ ከእውነተኛው ዕድል ርቆ የመገኘቱ ነገር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዴንማርክ ታግቶ የነበረው የደቡብ አፍሪካው የሒሳብ መምህር ጆን ኬሪች ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ 5,067 ጊዜ አንዱን ገጽ አግኝቷል።

እርስዎ ይህን ሁሉ ብቻዎን መወርወር አያስፈልግዎትም። 50ው ተማሪዎች ተመሳሳይ ቆርኪ ይዘው፣ ከተመሳሳይ ከፍታ 20 ጊዜ ቢወረውሩ 1000 ውጤት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገኛል። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ የአንዱ 8፣ የሌላው 15 ሊሆን ስለሚችል ልጆቹ መከራከራቸው አይቀርም፣ ይከራከሩ። ቀጥሎ የአምስት አምስት ተማሪዎችን ውጤት እየደመሩ ከ100፣ ከ200፣ ከ300 ያለውን ድርሻ ያስሉ፤ መዋዠቁ እየቀነሰ ሲሄድ ያዩታል። ለምሳሌ ከ1000 ውስጥ 620 ጊዜ ክፍቱ ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ከወደቀ፣ ቀጣዩ 200 ውርወራ ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎቹ ግምታቸውን በወረቀት እንዲጽፉ ያድርጉ፤ 124 አካባቢ የሚል ግምት ተገቢ ነው። ለዳይስ ምትክ ደግሞ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸውን እኩል የታጠፉ ወረቀቶች በከረጢት ውስጥ ይክተቱ፤ የወጣው ወረቀት በየጊዜው ወደ ከረጢቱ መመለሱን ግን ይቆጣጠሩ፤ ካልተመለሰ ዳይስ መሆኑ ቀርቶ ዕቁብ ይሆናል።